ገመዱን ከቆረጥነው አክዓብ በምን ይሞታል? ስለ «ሞቢ ዲክ» ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

የሄርማን ሜልቪልን «ሞቢ ዲክ» ለአማርኛ አንባቢ የሚያስተዋውቅ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው አንብቦታል። ጸሐፊው ስለ አሜሪካ ልቦለድ በአማርኛ ለመጻፍ መነሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ከሐሳቦቻቸው አምስቱ አንባቢን የሚያሳስቱ ሆነው ስላገኘናቸው ይህን ምላሽ ጽፈናል። ባጭሩ ያሉት ይህን ነው፦ የዓሣ አንበሪ አደን የሚተረክባቸው ምዕራፎች ሸክም ናቸው፤ ወደፊት የሚተረጉመው ሰው ሲሶውን ቆርጦ ይጣል። መጽሐፉ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ዓሣ አንበሪው፣ ወርቁ ክፋት፣ «ካፒቴን ኤሃብ» (እኛ አክዓብ የምንለው፣ እግሩን የነጠቀውን ነጭ ዓሣ አንበሪ ሞቢ ዲክን የሚያሳድደው የመርከብ አዛዥ) ደግሞ ክፋትን የተጋፈጠ ጀግና። ዓሣ አንበሪ መርከብ አሰጠመ ማለት ተረት ነው። ደራሲው የዘመኑን ፖለቲካ ሸሽቶ ባሕር ላይ የተደበቀ ሰው ነው። በመጨረሻም፣ መጽሐፉ ከታተመበት ቀን ጀምሮ የተደነቀ ሲሆን ዛሬ የቀረለት ተጽዕኖ አንድ ፊልምና የአንድ ቡና ቤት ስም ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሲሶው ይቆረጥ»

«ሞቢ ዲክ» 135 ምዕራፎችና አንድ ገጽ የማትሞላ መዝጊያ አሉት። ጸሐፊው ሸክም ካሏቸው ምዕራፎች አንዱን በስም ጠቅሰዋል፤ 60ኛውን። ርእሱ «ገመዱ» ነው፤ የሚያወራውም በእርግጥ ስለ ገመድ ብቻ ነው። ውፍረቱ የአንድ ኢንች ሁለት ሦስተኛ። ርዝመቱ ከ200 ፋቶም በላይ፣ ማለትም 365 ሜትር ገደማ። 51 ክሮች ተገምደውበታል፤ እያንዳንዱ ክር 120 ፓውንድ ስለሚሸከም ገመዱ በጠቅላላው ሦስት ቶን የሚጠጋ ጉተታ ይችላል። በጀልባዋ ኋላ በተቀመጠ ገንዳ ውስጥ ክብ በክብ ይጠመጠማል። ለዚህ ሥራ ጠዋቱን ሙሉ የሚፈጅ ሰው አለ፤ ምክንያቱም አንዲት ጥምዝ በውስጡ ከቀረች፣ የተወጋው ዓሣ አንበሪ ገመዱን እየጎተተ ሲፈተለክ የአንዱን ክንድ ወይም እግር፣ አንዳንዴም ሰውየውን እንዳለ ይዛው ትሄዳለች።

አዘረጋጉም ተነግሯል። ገመዱ ከገንዳው ይወጣና ኋላ ላይ ባለች አጭር ጉማጅ ምሰሶ ይዞራል። ከዚያ የጀልባዋን ሙሉ ርዝመት ወደ ፊት ያቋርጣል፤ በግራና ቀኝ በተቀመጡት ቀዛፊዎች መካከል፣ በመቅዘፊያዎቹ እጀታ ላይ ተጋድሞ፣ በቀዘፉ ቁጥር የእጃቸውን አንጓ እየነካ። በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ባለ ቦይ ወጥቶ ከሐርፑኑ ጋር ይያያዛል። ሐርፑን ማለት ዓሣ አንበሪው ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ የሚቀር፣ ጫፉ መንጠቆ ያለው ጦር ነው። ስለዚህ ከጀልባዋ ሰዎች አንድም ከገመዱ ውጭ የተቀመጠ የለም።

አሁን ወደ ምዕራፍ 135 እንሂድ። አክዓብ ሐርፑኑን ይወረውራል። ዓሣ አንበሪው ወደ ፊት ይፈተለካል፤ ገመዱ በቦዩ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ በሚደርስ ፍጥነት ይሮጣል፤ ይጠላለፋል። አክዓብ ጎንበስ ብሎ ያላቅቀዋል። መላቀቁንስ ይላቀቃል፤ ነገር ግን የምትበረዋ ጥምዝ አንገቱን ትይዘዋለች። ድምፅ ሳያሰማ ከጀልባዋ ተስፈንጥሮ ይጠፋል፤ ባልደረቦቹ መሄዱን የሚያውቁት ከሄደ በኋላ ነው። ሜልቪል የዋና ገጸ ባሕሪውን ሞት በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር የጨረሰው ሰንፎ አይደለም። ከ75 ምዕራፍ በፊት ገመዱን አዘጋጅቶ ስለጨረሰ ነው። 60ኛውን የቆረጠ ተርጓሚ 135 ላይ ሲደርስ ወይ ማብራሪያ ሊጨምር ነው፣ ወይ አንባቢው «ምን ሆኖ ሞተ?» ሊል ነው።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ራሳቸው አክዓብ የሚሞተው «በዓሣ አንበሪው ጀርባ ላይ ታስሮ፣ በእጁ ባልደረቦቹን እየጠራ» እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም። የ1956ቱ የጆን ሂውስተን ፊልም ነው፤ ግሪጎሪ ፔክ የተወነበት። በመጽሐፉ፣ በሦስተኛው የአደን ቀን ዓሣ አንበሪው ጀርባ ላይ በገመድ ተተብትቦ የሚታየው አስከሬን የፊዳላ ነው፤ የአክዓብ ምስጢረኛና ትንቢት ተናጋሪ። ይህ ፊዳላ ቀደም ሲል «አንተን የሚገድልህ ገመድ ብቻ ነው» ብሎት ነበር። አክዓብ ስቅላት መሰለውና ባሕር ላይ ማን ሊሰቅለኝ ብሎ ሳቀ። ፊልሙ ሁለቱን ሬሳዎች አንድ ሲያደርጋቸው ለዓይን የሚያምር ትዕይንት አገኘ፤ ትንቢቱ ግን ፍቺውን አጣ።

ሁለተኛው ሰንሰለት ከዚህ ይረዝማል። ምዕራፍ 109 ላይ የመጀመሪያው መኮንን ስታርበክ በመርከቧ ሆድ ውስጥ የተከማቹት በርሜሎች ዘይት እያፈሰሱ መሆናቸውን ለአክዓብ ይነግረዋል። ለመጠገን መርከቧን አቁሞ በርሜሎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልጋል። አክዓብ ጠመንጃ ያነሣበታል፤ በኋላ ግን ይለዝብና ይፈቅዳል። እርጥበትና ጨለማ በሞላበት የመርከቧ ሆድ ውስጥ ሲሠራ የሰነበተው ሐርፑን ወርዋሪው ኩዊክዌግ ብርድ መትቶት በትኩሳት ለሞት ይቀርባል። አናጢው ልኩን ወስዶ የሬሳ ሣጥን ይሠራለታል። ኩዊክዌግ ይድናል፤ ሣጥኑም የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። ምዕራፍ 126 ላይ አንድ መርከበኛ ከምሰሶ ላይ ይወድቃል። መንሳፈፊያ የሆነው በርሜል ይወረወርለታል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ጣውላው ስለተኮማተረ ውሃ ይገባበትና እንደ ሰውየው ይሰጥማል። ምትክ የሚሆን ቀላል በርሜል ይጠፋል። ስለዚህ የሬሳ ሣጥኑ መንሳፈፊያ ይሁን ይባላል፦ ክዳኑ ይመታል፣ ክፍተቱ ይወተፋል፣ በቅጥራን ይለቀለቃል። አናጢው እየቀለደ በዙሪያው ሦስት ሦስት ጫማ የሚረዝሙ 30 ገመዶች አንጠለጥልበታለሁ ይላል፤ መርከቧ ብትሰጥም 30 ሰው ለአንድ ሣጥን እንዲሻማ። መርከቧ ትሰጥማለች፤ ሣጥኑን የሚይዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተራኪው እስማኤል።

በርሜል ባያፈስ ብርድ የለም፤ ብርድ ባይመታው ሣጥን የለም፤ ሣጥን ባይኖር እስማኤል የለም፤ እስማኤል ከሌለ ይህን ሁሉ የሚነግረን የለም። የትኛውን ነው የምንቆርጠው?

መቁረጡማ አንዴ ተሞክሯል። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው ለንደን ነው፤ በጥቅምት 1851፣ «ዓሣ አንበሪው» በሚል ርእስ፣ በሦስት ቅጽ፣ 500 ኮፒ። እዚያ እትም ውስጥ መዝጊያዋ ገጽ፣ እስማኤል በሣጥኑ ተንሳፍፎ መዳኑን የምትናገረው፣ ሳትገባ ቀረች። የእንግሊዝ ገምጋሚዎች ሁሉም ሰው ሞቶ ሳለ ታሪኩን ማን ጻፈው ብለው ተሳለቁ። በኅዳር ኒው ዮርክ የወጣው እትም ገጿን ይዟል፤ ግን ከለንደን የተሻገሩት ግምገማዎች አሜሪካ ውስጥም ተነበቡ። አንዲት ገጽ ጎድላ ይህን ያህል ከተበላሸ ሲሶው ሲጎድል ምን እንደሚተርፍ መገመት አያቅትም።

«ሰሙ ዓሣ አንበሪው፣ ወርቁ ክፋት»

ሰምና ወርቅን ማንሣታቸው ጥሩ ነበር፤ የያዙት ግን በተገላቢጦሽ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው ሰሙን ያልለየ ወርቁን አያገኝም። እዚህ ደግሞ ሰሙ ቃል በቃል ሰም ነው። ስፐርም ዌል የሚባለው ትልቅ ራስ ያለው ዓሣ አንበሪ ጭንቅላቱ ውስጥ ስፐርማሴቲ የተባለ ፈሳሽ ሰም ይዟል። መጽሐፉ እንደሚለው ከአንድ ትልቅ ዓሣ አንበሪ ራስ 500 ጋሎን ያህል ይቀዳል። በሕይወት ሳለ ፈሳሽ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይረጋል፤ ሻማ ይሆናል። ፒኮድ የተባለችው የአክዓብ መርከብ ከአሜሪካዋ የዓሣ አንበሪ አዳኞች ደሴት ከናንታኬት የወጣችው ሰምና ዘይት ልታመጣ እንጂ ክፋትን ልትገድል አይደለም።

ወርቁም ቃል በቃል ወርቅ ነው። አክዓብ 16 ዶላር የሚያወጣ የኢኳዶር የወርቅ ሳንቲም በምሰሶ ላይ በምስማር ይመታና ነጩን ዓሣ አንበሪ ቀድሞ ላየ እሰጣለሁ ይላል። ምዕራፍ 99 ላይ መርከበኞቹ በየተራ እየመጡ ሳንቲሙን ያያሉ። ሦስት ተራሮች አሉበት፤ በአንዱ እሳት፣ በአንዱ ግንብ፣ በአንዱ የሚጮህ አውራ ዶሮ። አክዓብ ሦስቱም እኔው ነኝ ይላል። ስታርበክ ሥላሴን ያያል። ሁለተኛው መኮንን ስተብ የሰው ዕድሜ በዞዲያክ ተጽፎ ያገኛል። ሦስተኛው መኮንን ፍላስክ ስንት ሲጋራ እንደሚገዛ ያሰላል። በመጨረሻ አእምሮው የተነካው ትንሹ ጥቁር ልጅ ፒፕ ይመጣና የሰዋስው ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ «አያለሁ፣ ታያለህ፣ ያያል፤ እናያለን፣ ታያላችሁ፣ ያያሉ» ብሎ ያረባል። ቅኔ ውስጥ ባለቅኔው የደበቀው አንድ ወርቅ አለ። ሜልቪል ግን ወርቁን ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ሰው ሁሉ የየራሱን ሲያነብበት ያሳየናል። «ዓሣ አንበሪው ክፋት ነው» የሚለው የደራሲው ሳይሆን የአክዓብ ንባብ ነው። አክዓብ ይህን ምዕራፍ 36 ላይ ሲናገር ስታርበክ እዚያው፣ ፊት ለፊት፣ በደመ ነፍስ የነከሰን እንስሳ መበቀል እብደት ነው ብሎ ይቃወመዋል። ጸሐፊው የአንዱን ጠቅሰው የሌላውን ትተዋል።

«ጀግና» የሚለውንም በክፍያው እንፈትሸው። የዓሣ አንበሪ አዳኝ መርከበኛ ደመወዝ አልነበረውም፤ ጉዞው ሲያልቅ ከተጣራው ትርፍ ድርሻ ይወስዳል። ድርሻው በክፍልፋይ ስለሆነ ቁጥሩ በተለቀ መጠን ገንዘቡ ያንሳል። የመርከቧ ባለድርሻ ቢልዳድ ለእስማኤል አንድ ሰባት መቶ ሰባ ሰባተኛ ሊሰጠው ነበር፤ ሌላው ባለድርሻ ፔሌግ ተቆጥቶ አንድ ሦስት መቶኛ ጻፈለት። ሐርፑን ወርዋሪው ኩዊክዌግ አንድ ዘጠናኛ ተሰጠው። ጉዞው ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ አክዓብ የሠላሳ ሰው የዓመታት ድርሻ ነው ለግል ቂሙ ያዋለው። ከጀግንነት ይልቅ ለእምነት ማጉደል ይቀርባል፤ ስታርበክም 109 ላይ «ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?» ያለው በዚህ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንጨምር። «ኤሃብ» እና «ኢሽሜል» ብሎ መጻፍ የአማርኛ አንባቢ በነፃ ያገኘውን ሀብት መጣል ነው። አክዓብ ነው፤ የመጽሐፈ ነገሥቱ፣ የኤልዛቤል ባል፣ የናቡቴን ወይን የነጠቀው፣ አራት መቶ ነቢያት «ውጣ፣ ይቀናሃል» ብለውት ሬማት ዘገለዓድ ላይ የሞተው፣ ደሙን ውሾች የላሱት። እስማኤል የውሾቹን ነገር ምዕራፍ 16 ላይ ራሱ ያነሣዋል። ወደብ ላይ መርከበኞቹን የሚያስጠነቅቀው ሰው ኤልያስ ይባላል። እስማኤል የአጋር ልጅ፣ ወደ ምድረ በዳ የተሰደደው ነው። በመጨረሻ የምታነሣው መርከብ ራሔል ናት፤ ካፒቴኗ የጠፋበትን የ12 ዓመት ልጁን ሲፈልግ። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ለማግኘት የግርጌ ማስታወሻ ያሻው ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ በመጣ ቁጥር ትንቢተ ዮናስን ሲሰማ ላደገ ሰው ግን አባ ማፕል ስለ ዮናስ የሚሰብከው ስብከት፣ ምዕራፍ 9፣ እንግዳ አይሆንበትም።

«መርከብ ማስጠሙ ተረት ነው»

ይህ ብዙ አያነጋግርም። ኅዳር 20 ቀን 1820 ኤሴክስ የተባለችውን የናንታኬት መርከብ ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል አንድ ስፐርም ዌል ሁለት ጊዜ በራሱ ገጭቶ አሰጥሟታል። 20 ሰዎች በሦስት ጀልባ ወጡ፤ በሕይወት የተገኙት 8 ናቸው። የመጀመሪያ መኮንኗ ኦውን ቼዝ ታሪኩን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ሜልቪልም አንብቦታል። ከዚህ የሚደንቀው ደግሞ «ሞቢ ዲክ» ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በነሐሴ 1851፣ አን አሌክሳንደር የምትባል ሌላ መርከብ በተመሳሳይ ሁኔታ መስጠሟ ነው።

«ከፖለቲካ የሸሸ»

መጽሐፉ የተጻፈው በ1850 እና በ1851 ነው። በመስከረም 1850 ያመለጡ ባሪያዎች ከነፃ ግዛቶችም ተይዘው እንዲመለሱ የሚያስገድደው ሕግ ጸደቀ። የሜልቪል አማት ሌሙኤል ሾው የማሳቹሴትስ ዋና ዳኛ ነበሩ። በሚያዝያ 1851 ቶማስ ሲምስ የተባለ ከባርነት ያመለጠ ወጣት ቦስተን ተይዞ ጉዳዩ ሲቀርብላቸው ለነፃነቱ የቀረበውን አቤቱታ አልተቀበሉም፤ ወጣቱ ወደ ጆርጂያ ተመለሰ። ሜልቪል በዚያው ግዛት፣ ፒትስፊልድ፣ መጽሐፉን እየጻፈ ነበር። እስማኤል ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ «ባሪያ ያልሆነ ማን ነው?» ይላል። ምዕራፍ 93 ላይ ፒፕ ፈርቶ ከጀልባ ሲዘል፣ ስተብ ሁለተኛ ብትዘል አላነሣህም ይለዋል፤ ምክንያቱም ዓሣ አንበሪ አላባማ ውስጥ አንተ ከምትሸጥበት ሠላሳ እጥፍ ያወጣል። ፒፕ ዳግም ይዘላል፤ ባሕር ላይ ይተዉታል፤ የሚያብደውም ያኔ ነው። ይህን ከፖለቲካ መሸሽ ማለት ይከብዳል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በ1988 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሰጠችው ንግግር «የዓሣ አንበሪው ነጭነት» የተሰኘውን 42ኛ ምዕራፍ ያነበበችው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአክዓብን ነጭ ዓሣ አንበሪ የነጭነት አስተሳሰብ ራሱ አድርጋ።

«ከታተመበት ቀን ጀምሮ የተደነቀ፤ ዛሬ ፊልምና ቡና ቤት»

ሁለቱም ጫፎች አይይዙም። ሜልቪል በሕይወት ሳለ የአሜሪካው እትም የተሸጠው 3,200 ኮፒ ገደማ ነው፤ ከዚህ ያገኘው ገቢ 556 ዶላር ከ37 ሳንቲም። በታኅሣሥ 1853 የአሳታሚው የሃርፐር ቤት ሲቃጠል ያልተሸጡ ወደ 300 የሚጠጉ ኮፒዎች አብረው ነደዱ። ደራሲው ከ1866 ጀምሮ ለ19 ዓመት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቶ በ1891 ሲሞት ስሙን የሚያስታውስ ጥቂት ነበር። መጽሐፉን ከመቃብር ያወጡት የተወለደበት 100ኛ ዓመት በ1919 ሲከበር የተጻፉ ጽሑፎች፣ የሬይመንድ ዊቨር የሕይወት ታሪክ በ1921፣ የዲ. ኤች. ሎረንስ ድርሰት በ1923፣ የሮክዌል ኬንት ሥዕሎች በ1930 ናቸው። ሰባ ዓመት ያህል ተኝቶ የተነሣ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ተጽዕኖ በፊልም አይለካም። የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በ1952 ከአሜሪካ ሊባረር ኤሊስ ደሴት ላይ ታስሮ ሳለ ስለ «ሞቢ ዲክ» ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ አክዓብን የአምባገነን፣ ከየአገሩ የተሰበሰቡትን መርከበኞች የሠራተኛው ዓለም ምስል አድርጎ። በዚያው ዓመት የወጣው የራልፍ ኤሊሰን ልቦለድ መግቢያ ውስጥ ያለው የ«ጥቁረት» ስብከት፣ እስማኤል ምዕራፍ 2 ላይ በስሕተት የሚገባበትን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ያስተጋባል። ቦብ ዲላን የ2017ቱን የኖቤል ንግግሩን በሦስት መጻሕፍት ላይ ሲመሠርት አንዱ ይህ ነው። የቡና ቤቱ ነገር እውነት ነው፤ በ1971 ሲያትል የተከፈተው ስታርባክስ ስሙን ከስታርበክ ወስዷል። ሆኖም ጸሐፊው እንዳሉት ስታርበክ «ቡና ወዳዱ መኮንን» ስለሆነ አይደለም። መጽሐፉ እንዲህ የሚል ነገር የለውም፤ መሥራቾቹ በእንግሊዝኛ በ«ስት» ድምፅ የሚጀምር ስም ሲፈልጉ ነው ያገኙት።

ጸሐፊው ሜልቪል የተሳሳተባቸው ቦታዎች አሉ ማለታቸው ግን ልክ ነው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል። ምዕራፍ 32 ዓሣ አንበሪን ዓሣ ነው ብሎ ይከራከራል። ምዕራፍ 105 አደን ዘሩን ሊያጠፋው አይችልም ይላል፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አደን ይህን ግምት ከንቱ አድርጎት በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ አንበሪ አደን ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገውን አደን እስከማገድ ደርሷል። የመርከቧ ስም የተወሰደበት የፒኮት ሕዝብ ጠፍቷል ማለቱም ስሕተት ነው፤ ዛሬም ኮነቲከት ውስጥ አሉ።

ስለዚህ ጊዜ ያጠረው አንባቢ መዝለል ካማረው፣ ምዕራፍ 32ን ለኋላ ያቆየው። ስለ ዓሣ አንበሪ ሥዕሎች የሚያወሩትን ከ55 እስከ 57 ያሉትንም ቢያልፋቸው ታሪኩ አይፈርስም። 96ን፣ ዓሣ አንበሪው በራሱ ስብ እሳት የሚቀልጥባትን ሌሊት፣ ቀስ ብሎ ያንብብ። 109፣ 110፣ 126 እና 127ን በተከታታይ ይያዛቸው። 60ን አይዝለል፤ ሲጨርስም ገመዱ በማን አንገት አጠገብ እንዳለፈ ልብ ይበል።